የዘውዴ ኃጢአትና የእንጦጦ ቁልቁለት

ባለቤቴ ዘውዴ ንስሐ የገባው በመኪና ምክንያት ነው። ሰው ገጭቶ አይደለም፤ ተመስገን፣ በሹፌርነት ዘመኑ ሁሉ ዶሮ እንኳ አልገጨም። ንስሐ የገባው፣ መኪናችን እኔ ስነዳት ቻርጇ እየጨመረ እሱ ሲነዳት ስለሚቀንስ ነው።

እኔ ብዙ ማውራት አልወድም። ይህን ግን ባሳጥረው አእምሮዋን ነክቷታል ትሉኛላችሁና ከመጀመሪያው ልጀምር።

የምንኖረው ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከዳገቱ እኩሌታ ላይ ነው። ዘውዴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የመሥሪያ ቤት ሹፌር ነበር። ከካፖርቱ ላይ የቤንዚን ሽታ እንዲለቅ ስንት ጊዜ እንዳጠብኩት እኔና ሳሙናው እናውቃለን። ልጃችን ሕይወት አሮጌዋን መኪናችንን አሽጣ የኤሌክትሪክ መኪና ስታመጣልን፣ ዘውዴ ኮፈኑን ከፍቶ ቆሞ ቀረ።

«ሞተሩስ?» አላት።

«ይኸው አባዬ።»

«ይኼማ የልብስ ስፌት መኪና ሞተር ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ «የስፌት መኪናዋ» ሆኖ ቀረ።

እኔ ግን ወደድኳት። መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት ልጆቼን አሳድጌ ከጨረስኩ በኋላ ነው፤ ያውም በአውቶማቲክ። ማርሽ መቀያየር አላውቅም። ሕይወት ስታስተምረኝ «ማሚ፣ ዲ ላይ አድርጊና ሂጂ፤ ሌላውን አትንኪ» አለችኝ። ዲ ያቺ ሆዷ የተነፋ ፊደል ናት። እዚያ ላይ አደርጋለሁ፣ በስመ አብ እላለሁ፣ እሄዳለሁ። ወደ ኋላ መሄድ ካስፈለገ ሰው እጠራለሁ።

የሚገርማችሁ፣ ዘውዴ ከነዳጅ ወረፋ በመገላገሉ አልተደሰተም። የድሮ ጓደኞቹ ሁሉ ያሉት እዚያ ነው። ጓደኛው በቀለ አሮጌ ታክሲ አለው። በቀለ ሊሰለፍ ሲሄድ ዘውዴም ቆሎ በኪሱ ይዞ አብሮት ይሄዳል።

«አንተ ምን ልትቀዳ ነው?» አልኩት አንድ ቀን።

«በቀለ ብቻውን ይሰለፍ ወይ? ሰው ምን ይላል?»

ለቅሶ ቤት እንደሚቀመጥ ሰው ወረፋ ላይ ውሎ ይመጣል። ሰልፉ ላይ የሚነሳው ክርክርም አንድ ነው፤ ኤሌክትሪክ ቤንዚንን ይተካል ወይስ አይተካም? በቀለ «ለአምፖል ያልበቃ መብራት ለመኪና ሊበቃ ነው?» ሲል ሰልፉ በሙሉ ይስቃል። ዘውዴም አብሮ ይስቃል። የኤሌክትሪክ መኪናውን ግቢ ውስጥ አቁሞ፣ የቤንዚን ወረፋ ላይ ተቀምጦ ይስቃል።

ነገሩ የከረረው በእህቴ በእትዬ አስካለ ዓይን የተነሳ ነው። እትዬ አስካለ እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ ናት፤ አሁን ከእኛ ጋር ትኖራለች። ዓይኖቿ ላይ ሞራ ወርዶባት ከጥላ በቀር የማታይበት ደረጃ ደርሳለች። ሐኪሙ የቀዶ ጥገና ቀን ቆረጠላት። እሷ ግን «መጀመሪያ ሁለት ሱባኤ እንጦጦ ጠበል እጠመቃለሁ። ከዚያ በኋላ እንኳን ሐኪም አናጢም ያግኘኝ» አለች።

ሁለት ሱባኤ ማለት ሁለት ሳምንት ሳያቋርጡ ጠዋት ጠዋት መጠመቅ ነው። አንድ ቀን ከታጎለ እንደገና ከመጀመሪያው እጀምራለሁ ብላ ተስላለች። ቆጥረን ስናየው ሱባኤው የሚያልቀው በሐኪሙ ቀጠሮ ዋዜማ ነው። አንድ ጠዋት ብናስታጉላት ቀጠሮው ያልፋል፤ ሌላ ቀጠሮ መቼ እንደሚገኝ ደግሞ እንጃ። እትዬ አስካለን ሐሳብ የሚያስቀይር ሰው እስካሁን አልተወለደም።

የመጀመሪያው ሱባኤ በሰላም አለፈ። ማታ መኪናዋን እንሰካታለን፣ ጠዋት ሞልታ እናገኛታለን፣ ጎህ ሲቀድ ዳገቱን እንወጣለን። በቀለ ወረፋ ከሌለበት ዘውዴ ይነዳል፤ ወረፋ ካለበት ዘውዴ ወደ ወረፋው፣ እኔ ወደ ጠበሉ።

ሁለተኛው ሱባኤ ሊጀመር ዋዜማው ላይ የሰፈራችን ትራንስፎርመር አንድ ጊዜ ጮኸና ዝም አለ። ሠራተኞች መጥተው አዩት። ዕቃው እስኪመጣ ጥቂት ቀን ታገሡ ብለውን ሄዱ። መኪናዋን አስነስተን ስናይ አርባ በመቶ ትላለች።

ዘውዴ ከቁጥሩ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ከሚናገር ይልቅ እንዲህ ሲያይ ነው የሚያበሽቀኝ።

«ቤንዚን ቢሆን በጀሪካን ይገኝ ነበር» አለ በመጨረሻ።

«በቀለን ጠይቀው እስኪ በስንት ቀኑ እንደሚያገኝ» አልኩት። ያን ሰሞን ቤንዚን ጠፍቶ ሰልፉ መንገዱን ሞልቶት ነበር።

ወደ መገናኛ ወርደን ቻርጅ ማድረጊያ ቦታ ፈለግን። አገኘን። መኪኖች በረጅሙ ተሰልፈዋል። የዘውዴ ፊት ወዲያው በራ።

«እንዴ! ይኼም ወረፋ አለው?»

ወርዶ ከፊታችን ካለው ሹፌር ጋር ሰላም ተባባለ፣ ቆሎውን አወጣ፣ ያገሩን ሰው ያገኘ መሰለ። ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ደግ ነገር ሲናገር የሰማሁት ያን ቀን ነው፤ «ሰዎቹ ጥሩ ሰዎች ናቸው» አለ። ተራችን ሊደርስ ሲል እዚያም መብራት ሄደ። በመንገዱ ቻርጇ ቀንሶ ነበርና ማታ ሕይወት የምትሠራበት ቢሮ አካባቢ ካለ ሶኬት ላይ ለምነን ወደ አርባዋ ብቻ መለስናት። ሕይወትም በነጋታው ለሥራ ወደ ክፍለ ሀገር ሄደች።

«ምናልባት ቻርጅ የሚቆጥብ ዘዴ ታውቅ ይሆናል፣ እንደውልላት» አልኩት ዘውዴን።

«ዕድሜዬን ሙሉ የነዳሁ ሰው ልጄን ስለ መኪና ልጠይቅ? ቁጠባ ከኔ ወዲያ ማን ያውቃል?»

ቁጠባውን አየነው። ማሞቂያውን አጠፋ። እንጦጦን በጠዋት ለሚያውቅ ሰው ብርዱን መግለጽ አያስፈልግም። መዝሙሬን አጠፋው፤ «ይበላል» አለኝ። በዳገቱ ላይ በጣም ቀስ ብሎ ከመንዳቱ የተነሳ ልምምድ የሚሮጡት ልጆች ቀድመውን ሄዱ፤ አንዷ ስታልፍ በመስኮቱ እጇን አውለበለበችልን። ከጠበሉ ስንመለስ ደግሞ ገና ቁልቁለቱ ሲጀምር ማርሹን ከዲ አንስቶ ኤን ላይ አደረገው፤ ዜሮ ማርሽ ማለት ነው።

«ቁልቁለት ላይ የሚያቃጥል ሹፌር፣ ሹፌር አይባልም» አለ። «ተራራው በነጻ ያወርደናል።»

መኪናዋ ጭጭ ብላ ተንሸራተተች። እሱ ፍሬኑን እየረገጠ፣ እኔ በሆዴ አቡነ ዘበሰማያት እያልኩ ወረድን። ቤት ስንደርስ የቻርጇ ቁጥር ከላይ ካየነው አንድ ቀንሷል።

በማግስቱ በቀለ ወረፋ ወጣ። እኔ ነዳሁ። እትዬ አስካለ «መዝሙሩን ክፈችው፤ ዘውዴ የለ» አለች። ከፈትኩት። ማሞቂያውንም ለሷ ስል ከፈትኩት። ሆዷ የተነፋው ፊደል ላይ እንዳደረግኳት ወጣን፣ እትዬ ተጠመቀች፣ እንዳደረግኳት ወረድን። ውዳሴ ማርያሜን በቃሌ እያልኩ ነው የወረድኩት፤ ቁልቁለት ያስፈራኛል። ቤት ደርሼ ቁጥሯን ሳይ ከላይኛው በሁለት ጨምራለች።

ዓይኔን አሸሁ። እንደገና አየሁ። ጨምራለች።

ለዘውዴ ስነግረው ሳቀ። «ስትወጪ ተሳስተሽ ነው ያነበብሽው» አለኝ። በሚቀጥለው ቀን ራሱ ነድቶ ራሱ አነበበ፤ ቀንሷል። በበነጋው እኔ ነዳሁ፤ ጨመረ። አሁን ግን እትዬ አስካለን ምስክር አድርጌ፣ ላይ ስንደርስም ታች ስንደርስም ቁጥሩን ጮክ ብዬ ጠርቼላት ነበር።

ማታ በሻማ ተቀምጠን ዘውዴ ብዙ አሰበ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ምን ብታደርጊያት ነው?»

«ምንም።»

«የሆነ ነገርማ ታደርጊያለሽ።»

«ውዳሴ ማርያም እላለሁ።»

ይህን ያልኩት ሌላ ያደረግኩት ነገር ስላልታየኝ ነው። እትዬ አስካለ ከጥጓ ሆና ሳቀች። ዘውዴ ግን አልሳቀም። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆሞ ተሳልሞ የሚመለስ ሰው ነው፤ ጸሎቱንም ብዙውን ጊዜ ለኔ ነው የሚተወው። በማግስቱ ጠዋት የጸሎት መጽሐፌን ከትራሴ ሥር ወስዶ በኪሱ አደረገ።

ያን ቀን ቁልቁለቱን እንዴት እንደወረድን እግዚአብሔር ያውቃል። ዘውዴ እንደ ልማዱ ማርሹን ኤን ላይ አድርጎ፣ አንድ እጁን መሪው ላይ፣ አንድ እጁን መጽሐፉ ላይ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል። በየመስመሩ ቁጥሯን ቀና ብሎ ያያል። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ከመንገዱ ዳር ቆመው አማተቡ፤ ለጸሎቱ ይሁን ለአነዳዱ አላወቅኩም። መጽሐፉን ቀማሁትና በቃሉ የሚያውቃትን አቡነ ዘበሰማያት ደጋግሞ እያለ ጨረሰ።

ቤት ደረስን። ቁጥሯ አሁንም አንድ ቀንሳለች።

ዘውዴ መሪውን እንደያዘ ቀረ። «ኃጢአቴን አወቀችብኝ» አለ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ንስሐ አባታችን ወደ መምሬ ኪዳኔ ሄደ። የተባባሉትን ራሱ መጥቶ ባይነግረኝ ኖሮ አልጽፈውም ነበር። ለካ በሥራ ዘመኑ ከመሥሪያ ቤቱ መኪና ጥቂት ጥቂት ቤንዚን እየቀዳ ለበቀለ ይሰጠው ኖሯል። «እግዚአብሔር በቤንዚን ያጠፋሁትን በኤሌክትሪክ እየቀጣኝ ነው፣ አባ» ብሏቸዋል። መምሬ ኪዳኔ በጽሞና ሰምተው ጠዋትና ማታ አርባ አንድ አርባ አንድ ስግደት አዘዙት።

ሰገደ። ጉልበቱ ግን ከሹፌር ወንበር ሌላ ነገር ለምዶ አያውቅም። ሲነጋ ግድግዳ ይዞ ነው ወደ መኪናዋ የመጣው።

እትዬ አስካለ የርምጃውን ድምፅ ሰማች። «ዘውዴ ነህ? ዛሬ እንግዲህ ሁለት ታማሚ ነው የምትጭነው?»

«ዝም በይ እትዬ፣ ጸሎት ላይ ነኝ።»

ወጣን፣ ተጠመቀች፣ መመለስ ጀመርን። ዘውዴ ገና ማርሹን ኤን ላይ ሲያደርግ እትዬ አስካለ ከኋላ ወንበር «ይኸው ዝም አለች» አለች።

«ማን?»

«መኪናዋ ናታ። እኔ እንግዲህ የማየው በጆሮዬ ነው። እህቴ ስትነዳ መኪናዋ ቁልቁለቱን ስትወርድ ታንጎራጉራለች፤ ንብ የገባበት ቀፎ ትመስላለች። አንተ ስትነዳ ግን እንዲህ ጭጭ ትላለች። እኔማ አኩርፋህ ነው ብዬ ነበር።»

ዘውዴ ወደ እኔ ዞረ።

«ስትወርጂ ማርሹን ምን ላይ ታደርጊዋለሽ?»

«ዲ ላይ ነዋ። ሌላውን አትንኪ ተብዬ የለ?»

ከመንገዱ ዳር አቆመ። ማርሹን ዲ ላይ መለሰና ፍሬኑን ለቀቀ። መኪናዋ ማንጎራጎር ጀመረች። ወደ ኋላ የሚይዛት ነገር እንዳለ ሁሉ ቀስ ብላ ወረደች፤ ፍሬን እንኳ ብዙም አልረገጠም። ከሁለት ኩርባ በኋላ ቁጥሯ በአንድ ከፍ አለች።

ዘውዴ እንደገና አቆመ። ወርዶ ኮፈኑን ከፈተና የስፌት መኪና ሞተር ያለውን ነገር ለረጅም ጊዜ አየው።

«ስንወጣ ትተረትራለች» አለ ቀስ ብሎ፤ «ስንወርድ መልሳ ትሰፋለች።»

ማታ ሕይወት ስትደውል ይህንኑ ነገረቻችን፤ መኪናዋ ስትወርድ ጎማው ራሱ ሞተሩን እያዞረ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ ስትወጣ የበላችውን እኩሌታ ያህል እንኳ ባይሆን ከፊሉን ትመልሳለች፣ ዜሮ ማርሽ ላይ ከሆነች ግን ምንም አትይዝም። «አባዬ፣ የመጀመሪያ ቀን ልነግርህ ስል እኮ ‹አውቃለሁ› አልከኝ» አለችው። ዘውዴ ስልኩን ለእኔ ሰጥቶኝ ወጣ።

የወጣው ወደ መምሬ ኪዳኔ ነው።

«አባ፣ ጥፋቱ የማርሹ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ስግደቱ ቢቀርልኝ...»

«ቤንዚኑንም የቀዳው ማርሹ ነው?» አሉት መምሬ።

ስግደቱ ቀጠለ።

አሁን የቀረን የመጨረሻው ጠዋት ነው። ዘዴውን ዘግይተን ስላወቅን ቁጥሯ ሰባት ላይ ደርሳለች። ዳገቱ ደግሞ ስድስት እንደሚበላ ሁላችንም እናውቃለን። ትራንስፎርመሩ አልተሠራም። ዘውዴ ለክፉ ቀን ብሎ የበቀለን ታክሲ ይዞልን ነበር። ጎህ ሳይቀድ ደወለለት።

«በቀለ፣ የት ነህ?»

«ወረፋ ላይ ነኝ። እዚሁ ነው ያደርኩት። ከፊቴ ያሉት ጥቂት ናቸው፤ ግን ቤንዚኑን የያዘው መኪና ገና አልመጣም።»

ዘውዴ ስልኩን ዘጋ። የመኪናዋን ቁልፍ አንስቶ በእጄ ላይ አስቀመጠው።

«አንቺ ንጂ» አለኝ። በጋብቻችን ዘመን ሁሉ እሱ እያለ መሪ ሰጥቶኝ አያውቅም።

ወጣን። መዝሙር የለም፣ ማሞቂያ የለም፣ ወሬም የለም። አምስት። አራት። የባሕር ዛፉ አየር እየቀዘቀዘ፣ ዳገቱ እየቆመ ሄደ። ሦስት ስትል ቀይ መብራት በራና ጮኸች።

«አቁሚ» አለ ዘውዴ።

አቆምኩ። በሩን ከፍቶ ወረደ።

«ምን ልትሆን ነው?»

«ከሦስታችን የምከብደው እኔ ነኝ። ይቅለላት። ሂዱ፤ በእግሬ እደርሳለሁ።»

«በዚህ ጉልበትህ?» አለች እትዬ አስካለ።

«እትዬ፣ ጠበልሽ እንዳያልፍሽ።»

በመስታወቱ አየሁት። ካፖርቱን እንደለበሰ፣ ጉልበቱን እየያዘ፣ ዳገቱን ተያይዞታል። የሚሮጡት ልጆች ደረሱበት፤ አንዱ «አይዞን አባባ!» ሲለው ሰማሁ። ያን ጊዜ ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ሁለት ጊዜ አማተብኩ፣ አንዴ ለእሱ፣ አንዴ ለባትሪው።

ቁጥሯ አንድ ላይ ስትደርስ እኛም ደረስን።

እትዬ አስካለ ሱባኤዋን ፈጸመች። ከጠበሉ ስትወጣ ዘውዴ በር ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያለከልካል። ሦስታችንም ገብተን፣ ሆዷ የተነፋው ፊደል ላይ አድርጌ፣ እያንጎራጎርን ወረድን። ቤት ስንደርስ ቁጥሯ ሦስት ሆናለች። መብራት በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ መጣ፤ የሰፈሩ ልጆች ሲጮኹ ነው ያወቅነው። በቀለ ቤንዚን ያገኘው ከዚያ በኋላ ነው።

እንግዲህ ኤሌክትሪክ ቤንዚንን ይተካል ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ይተካል እላለሁ። መብራት ይጠፋል፤ አውቃለሁ፣ በሻማ ነው የሰነበትኩት። የጠፋው ግን ይጠገናል፤ እዚሁ ካለ ሰው እጅ ነውና። ቤንዚኑ ከባሕር ማዶ ነው የሚመጣው። መብራታችን ግን ከውኃ ነው፣ ውኃው ከዝናብ ነው፣ ዝናቡ ደግሞ ከማን እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። ተራራውንም የሠራው እሱ ነው። ስለዚህ ውዳሴ ማርያሙ መኪናዋን አልሞላም ቢሉኝም ማመስገኔን አልተውኩም፤ ምስጋናው ለማን እንደሚደርስ ብቻ አሁን በደንብ አውቄያለሁ።

ዘውዴ ዛሬም ወረፋ ይሄዳል። አሁን ግን በቀለንና ጓደኞቹን ስለ ቁልቁለት ያስተምራቸዋል። በቀለ «ተው እባክህ፣ ሰልፉ ራሱ ይበቃናል» ይለዋል አሉ።

የእትዬ አስካለ ዓይን በቀጠሮዋ ቀን ተሠራ። ፋሻው ተነሥቶ ከሰነበተች በኋላ ምስጋና ለማድረስ ሦስታችን እንጦጦ ወጣን። ዘውዴ ነዳ። ስንመለስ ቁልቁለቱ ሲጀምር የዘውዴ እጅ፣ ያ ሲቀዳ የኖረው የድሮ ሹፌር እጅ፣ ቀስ ብሎ ወደ ማርሹ ሄደ። እኔ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን እያየሁ ነበር።

«አንተ ዘውዴ!» አለች እትዬ አስካለ ከኋላ ወንበር።

«አቤት እትዬ።»

«ሆዷ የተነፋው ላይ መልሰው። ያቺ በሁለት ቋሚ መካከል እንጨት የዘመመባት ፊደል ላይ ነው ያደረግኸው።»

«ደግሞ በጆሮሽ ሰማሽ?»

«በጆሮዬ አይደለም» አለች። «ይታየኛል።»

ዘውዴ መኪናዋን ከዳር አቆመ። ወደ ኋላ ዞሮ ዓይኖቿን አየ። ከዚያ ማርሹን መለሰ፣ መኪናዋም ማንጎራጎር ጀመረች።